እግር ላይ የሚወጣው የሸረሪት ድር፦ መርፌ፣ ሌዘር ወይስ እንዲሁ መተው?

ሰኔ ላይ አትምጪ። ይህን ለሁሉም እላለሁ፣ የሚሰማኝ ግን ጥቂት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የእግር ደም ሥር በሚታከምበት ክሊኒክ በረዳትነት እሠራለሁ። ሙቀቱ ሲገባና አጫጭር ቀሚሶች ከሻንጣ ሲወጡ የእኛ ሴቶች ስልክ ይበዛል። "በሚቀጥለው ወር የእህቴ ሠርግ ነው፣ እስከዚያ ይጠፋልኛል?" አይጠፋም። እንዲያውም በሠርጉ ቀን ከአሁኑ የባሰ ሊመስል ይችላል። ሰመር ላይ እግርሽን ማሳየት ከፈለግሽ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ጀምሪ። ብርዱ ያግዝሻል። ፀሐይ አያገኝሽም፣ ሱሪ ትለብሻለሽ፣ ከሕክምናው በኋላ የሚለበሰውን ጠበቅ ያለ ካልሲም ሳያልብሽ ትችይዋለሽ። ለጥር ሠርግ ከሆነ ደግሞ ነሐሴ ላይ መነሳት ነው።

የማወራው ጭን ላይ፣ ከጉልበት ጀርባና ቁርጭምጭሚት አካባቢ ስለሚበተኑት ቀጫጭን ደም ሥሮች ነው። ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ናቸው። የሸረሪት ድር ስለሚመስሉ እዚህ አገር ሁላችንም ስፓይደር ቬይን እንላቸዋለን። ስፋታቸው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ብዙ ጊዜ አጠገባቸው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ መጋቢ ደም ሥር አለ። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ሆኖ ተጠማዞ ከቆዳ በላይ የሚያብጠው ቫሪኮስ ነው፤ የእሱ ሕክምና ሌላ ነው።

"ከመቆም ነው አይደል?" ይሉኛል። መቆም ያባብሰዋል፣ እውነት ነው። ካሸር፣ ነርሲንግ ሆም፣ የሆቴል ጽዳት፣ ማታ ቤት ሲገባ ደግሞ ምጣድ ፊት። ግን ትልቁ ድርሻ የዘር ነው። እናትሽና አክስቶችሽ ካላቸው አንቺም የማግኘት ዕድልሽ ሰፊ ነው። እርግዝና፣ ሆርሞን፣ ዕድሜና ክብደት ይጨመሩበታል። ወንዶችም ይወጣባቸዋል፣ ብቻ ሱሪ ስለሚለብሱ ዝም ይላሉ።

ውበት ነው ወይስ በሽታ?

ስፓይደር ቬይን ብቻውን ጤና አይጎዳም። አንዳንዴ ያሳክካል ወይም ያቃጥላል፣ ከዚያ አያልፍም። ማታ ማታ ቁርጭምጭሚትሽ የሚያብጥ ከሆነ፣ እግርሽ የሚከብድሽና የሚደክምሽ ከሆነ፣ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ ያለው ቆዳ እየጠቆረና እየጠነከረ ከመጣ፣ ወይም አልድን ያለ ቁስል ካለ ግን የውበቱን ወሬ ለጊዜው እንተወው። ደም ወደ ልብ ሲመለስ ቁልቁል እንዳይፈስ የሚይዙ ትንንሽ ቫልቮች በደም ሥሮቻችን ውስጥ አሉ። እነሱ ከደከሙ ደሙ እግር ላይ ይጠራቀማል። ይህ የሚታወቀው የደሙን አካሄድ በሚያሳይ ዶፕለር አልትራሳውንድ ነው። ጄል ይቀቡሻል፣ ብዙ ጊዜ አስቁመው ያዩሻል፣ አያምም። የውስጡ ትልቅ ደም ሥር ደም እየመለሰ ከሆነ፣ እሱን ትቶ ላይ ላዩን መወጋት ገንዘብ መበተን ነው። በጥቂት ወር ውስጥ እዚያው ቦታ ተመልሶ ይወጣል።

አንድ እግር ብቻ ድንገት ካበጠ፣ ባቱ ከታመመና ከሞቀ ደግሞ ክሊኒክ ደውለሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ምንም አይደረግም፣ ጠብቂ። በእርግዝና የወጣው ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ብዙውን ጊዜ በራሱ ይቀንሳል። አራስ ቤት ሆና ለመርፌ ቀጠሮ የምትጠይቅ አለች። ልጅሽን አጥቢ፣ ገንፎሽን ብዪ፣ ከዓመት በኋላ የቀረውን እናየዋለን እላታለሁ።

መርፌው

እግር ላይ ላለው ስፓይደር ቬይን ሐኪሞች መጀመሪያ የሚመርጡት መርፌ ነው። ስሙ ስክሌሮቴራፒ ይባላል። በጣም ቀጭን በሆነ መርፌ መድኃኒቱ ደም ሥሩ ውስጥ ይገባል። መድኃኒቱ የደም ሥሩን የውስጥ ግድግዳ ያስቆጣዋል፣ ግድግዳዎቹ ይጣበቃሉ፣ ደሙ በሌላ ጤነኛ መንገድ ይሄዳል። የተዘጋውን ሰውነት ራሱ ቀስ እያለ ይበላዋል። "ደም ሥሬን ዘግታችሁ ደሜ በየት ሊሄድ ነው?" ብለው የሚጨነቁ አሉ። አትጨነቂ። እግር ዋና ሥራውን የሚሠራው በውስጠኞቹ ደም ሥሮች ነው፣ እነዚህ ትርፍ ናቸው።

መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ጠይቂ። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሠራበት ፖሊዶካኖል ነው፣ የገበያ ስሙ አስክሌራ። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። 0.5 ፐርሰንቱ ለስፓይደር ቬይን፣ 1 ፐርሰንቱ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ላሉት መጋቢዎች ነው። ይህ መድኃኒት መጀመሪያ የተሠራው ለማደንዘዣነት ስለነበር ሲገባ ብዙም አያምም። ሶትራዴኮል የሚባልም አለ፣ በጣም የቆየ ነው። አንዳንድ ቦታ በጣም ጨዋማ ውሃ ይወጋሉ። አለርጂ የለውም፣ ግን ያቃጥላል፣ ጡንቻም ይጨመድዳል፣ ከደም ሥር ውጪ ከፈሰሰ ቆዳ ሊያቆስል ይችላል። እኔ ብሆን ፖሊዶካኖል እመርጣለሁ።

ጥሩ ባለሙያ የምታውቂው ከየት እንደሚጀምር በማየት ነው። ከመጋቢው ይጀምራል። መጋቢውን ትቶ ቀዩን ድር ብቻ መውጋት ሥሩን ትቶ የአረሙን ቅጠል እንደመልቀም ነው። የእኛ ቆዳ ላይ መጋቢው በዓይን ብቻ ቶሎ አይታይም። ስለዚህ ልዩ መብራት ወይም አልትራሳውንድ መጠቀም አለበት። መብራት ሳያበራ፣ ሳያስቆምሽ፣ አልጋ ላይ አጋድሞ ወዲያው መውጋት ከጀመረ እኔ አልወደውም።

አንዱ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል። ብዙ ቦታ ትወጊያለሽ፣ እያንዳንዱ እንደ ትንኝ ንክሻ ቆንጠጥ ያደርጋል። በአንዴ ሁሉም አይጠፋም። ብዙ ሰው ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ይመለሳል፣ በመሀሉም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይጠበቃል። ቀጫጭኖቹ ከ3 እስከ 6 ሳምንት፣ ወፈር ያሉት ከ3 እስከ 4 ወር ይፈጅባቸዋል። የሰኔዋን ደንበኛዬን የምቆጣት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ስጋታችን፦ መጥቆር። ደም ሥሩ ሲዘጋ ውስጡ የቀረው ደም ብረቱን ቆዳ ውስጥ ይጥላል፣ ቡናማ መስመር ይቀራል። ማንም ላይ ይከሰታል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ቁጣው ራሱ ተጨማሪ ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል። ብዙው ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ይለቃል። ጥቂቱ ይቆያል። ለመቀነስ ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛው ከፀሐይ መጠበቅ። ሁለተኛው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መታየት ነው፤ ጠንከር ብሎ የጠቆረ የረጋ ደም ካለ ሐኪሙ በመርፌ ጫፍ ቀዶ ያወጣዋል። ይህ ክትትል በዋጋው ውስጥ መኖሩን አስቀድመሽ ጠይቂ። አንዳንዴ ደግሞ በተወጋው ዙሪያ ከበፊቱ የቀጠነ ቀይ ድር ይወጣል። በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል፣ ስለዚህ ቶሎ ካልወጋችሁኝ አትበዪ።

ሌዘሩ

እዚህ ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም "ሌዘር፣ ዛሬ ቅናሽ" የሚል ማስታወቂያ አይጠፋም። ሌዘር የሚሠራው ብርሃኑን ደሙ ላይ አሳርፎ በሙቀት ደም ሥሩን በመዝጋት ነው። ችግሩ ብርሃኑ ደሙ ጋ ከመድረሱ በፊት ቆዳችንን የሚያጠይመውን ቀለም፣ ሜላኒንን ያገኛል። ሜላኒን ደግሞ ብርሃን ይጠጣል። ማሽኑ ለነጭ ቆዳ የተስተካከለ ከሆነ የሚቃጠለው ደም ሥሩ ሳይሆን ቆዳሽ ነው። የነጣ ወይም የጠቆረ ምልክት ጥሎብሽ ይሄዳል፣ ከስፓይደር ቬይኑ ይልቅ እሱ ይታያል።

ለእኛ ዓይነት ቆዳ የተሻለው ኤንዲ ያግ የሚባለው 1064 ናኖ ሜትር ሌዘር ነው። ጨረሩ ጠለቅ ይላል፣ ሜላኒንም ብዙ አይጠጣውም። ይህም ቢሆን እግር ላይ ከመርፌው ይልቅ ያማል፣ ማሽኑን የያዘው ሰው እጅም ይወስነዋል። 532 ናኖ ሜትሩ ለፈካ ቆዳ ነው። አይፒኤል የሚባለው ብልጭታ፣ ብዙ ስፓ ውስጥ ያለው፣ ጠይም እግርሽ ላይ እንዲነካብሽ አልመክርም። "ማሽናችን ለሁሉም ቆዳ ነው" ካሉሽ የሞገዱን ቁጥር፣ ማለትም ናኖ ሜትሩን ጠይቂያቸው። ካላወቁት ቦርሳሽን አንሺ። ካወቁት ደግሞ በማይታይ ቦታ ትንሽ ሞክረው ጥቂት ሳምንት እንዲጠብቁ ጠይቂ።

ሌዘር ቦታ አለው። መርፌ በጣም ለምትፈራ፣ ለመድኃኒቱ አለርጂ ላለባት፣ መርፌ ሊገባባቸው ለማይችሉ ፀጉር መሳይ ደም ሥሮች። አፍንጫና ጉንጭ ላይ ላሉትም የሚመረጠው ሌዘር ነው፤ ፊት ብዙውን ጊዜ አይወጋም። ፊትሽ ቶሎ ቶሎ የሚቀላና የሚግል ከሆነ ግን ሮዜሺያ የሚባል የቆዳ በሽታ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይየው።

ስለ ብር

ኢንሹራንስ ለውበት አይከፍልም። አልትራሳውንዱ የውስጥ ችግር ካሳየና ሕመም ካለሽ ለዚያኛው ሊከፍል ይችላል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ለተወሰኑ ሳምንታት ወይም ወራት ካልሲ አድርገሽ መሞከርሽ እንዲመዘገብ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ካልሲውን የገዛሽበትን ደረሰኝ አትጣይ።

ለውበቱ በአንድ ቀጠሮ መቶዎች ዶላር ነው፣ እንደ ቦታውና እንደ መድኃኒቱ ብዛት ይለያያል። ዋጋው በቀጠሮ ነው፣ በእግር ነው ወይስ በመድኃኒቱ ብልቃጥ? ይህን ሳታጣሪ ሁለት ክሊኒክ ማወዳደር አትችዪም። ብዙ ቀጠሮ በአንዴ አስቀድሞ ማስከፈል የሚወዱ አሉ። እኔ አንዱን ቀጠሮ ከፍለሽ ውጤቱን እንድታዪ እመክራለሁ። የሚወጋሽ ማን እንደሆነ፣ ሐኪም ይሁን ነርስ፣ እሱንም ጠይቂ። ከሁሉ በላይ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ የሠሩትን የበፊትና የኋላ ፎቶ እንዲያሳዩሽ። ሁሉም ፎቶ የነጭ እግር ከሆነ መልሱን አግኝተሻል።

ከቀጠሮው በፊት

ለሐኪሙ የማትደብቂያቸው ነገሮች አሉ። አንቺ ወይም ቤተሰብሽ የደም መርጋት ኖሮባችሁ ከሆነ። ወሊድ መቆጣጠሪያ ወይም ሆርሞን የምትወስጂ ከሆነ። ከራስ ምታቱ በፊት ዓይንሽ ፊት ብልጭ ብልጭ የሚልብሽ ማይግሬን ካለ። ጠባሳሽ አብጦ የሚቀር ከሆነ። የምታጠቢ ከሆነ። ደም ማቅጠኛ የምትወስጂ ከሆነ ተናገሪ እንጂ በራስሽ አታቋርጪ። አንዱን ማንም አያስበውም፦ አገር ቤት ለመሄድ የወባ መከላከያ ዶክሲሳይክሊን የጀመርሽ ከሆነ እሱንም ንገሪ። የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች ምልክቱን ሊያጠቁሩት ይችላሉ ብለው የሚጠነቀቁ ሐኪሞች አሉ።

ስለ ጉዞ ካነሳን፣ ከዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ አዲስ አበባ በቀጥታ በረራ 13 ሰዓት ያህል መቀመጥ ነው። መርፌ ተወግቶ በማግስቱ አውሮፕላን መውጣት የለም። ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ቀን ረጅም በረራ ክልክል ነው፣ እኔ ግን ሳምንታት ብታርቂው ደስ ይለኛል። የቲኬትሽን ቀን ለሐኪሙ አሳይው።

በዕለቱ እግርሽን ቅባት አትቀቢ፣ ቅቤም ሎሽንም። አትላጪ። ቁምጣ ያዢ። ሰፊ ሱሪ ልበሺ፣ ከካልሲው በላይ መግባት አለበት። ቁርስ ብዪ። ጾም ላይ ከሆንሽ ከሰዓት ቀጠሮ ያዢ፤ ባዶ ሆድ መርፌ ሲያይ የሚወድቅ ሰው አይተናል። ቤት ሳለሽ ደግሞ በቀን ብርሃን እግርሽን ፎቶ አንሺ፣ ከፊትም ከኋላም። ከሦስት ወር በኋላ "ምንም አልተለወጠም" የምትል ሴት ፎቶዋን ስናሳያት ዝም ነው የምትለው።

ከተወጋሽ በኋላ

ካልሲውን ወዲያው እናለብስሻለን፣ ከዚያ ተነስተሽ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ትራመጃለሽ። ለቀጫጭኖቹ ካልሲው ከ2 እስከ 3 ቀን፣ ለመጋቢዎቹ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ሐኪምሽ ከዚህ በላይ ካለሽ እሱን ስሚ። በየቀኑ ተራመጂ። ተኝቶ መዋል እንክብካቤ አይደለም።

ሙቀት ግን ለጊዜው ይቅር። ሙቅ ገንዳ፣ ሳውና፣ ስቲም፣ ወይባ ጢስም ጭምር። ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ። ከባድ ስፖርትና ከባድ ዕቃ ማንሳት ለጥቂት ቀን ተይ። ዐቢይ ጾም ላይ ከሆንሽ ስግደቱንም በዚያው ሒሳብ አስቢው፣ ለጥቂት ቀን ለንስሐ አባትሽ ነግረሽ ቆይ። ቅዳሴ ላይም ሳትንቀሳቀሺ ሰዓታት ከመቆም ተቀመጪ፣ ማንም አይፈርድብሽም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግርሽ ያስጠላሻል። ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያሳክካል፣ በልዝ ይወጣል። ይህ የሚጠበቅ ነው። የማይጠበቀውን ልንገርሽ፦ የተወጋው ቦታ ነጥቶ ወይም ጠቁሮ በጣም ካመመ፣ ቆዳው መቁሰል ከጀመረ፣ ክሊኒኩን በዚያኑ ቀን። ባትሽ ካበጠና ካመመ ድንገተኛ ክፍል። ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ዓይንሽ ከጋረደብሽ ወይም አፍሽ ከተሳሰረ 911። እነዚህ ብርቅ ናቸው፣ ግን የሚደርስበት ሰው አለ።

ክሬም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ

ደም ሥር የሚያጠፋ ክሬም የለም። ዋጋው ስንትም ይሁን። ማርጠብ ያረጥባል፣ ያ ብቻ ነው። ቀጥቅጦ የሚታሰረው ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል፤ አንዷ ደንበኛችን ስፓይደር ቬይኗ ሳይጠፋ ጭኗ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ምልክት ይዛ መጣች። ሎሚም ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ያቆስላል። ለአንድ ምሽት መሸፈን ከሆነ የፈለግሽው፣ ውሃ የማያለቅቀው የሰውነት ሜካፕ አለ። በእግርሽ ቀለም ምረጪው፣ በፊትሽ አይደለም። ቀጭን ስቶኪንግም ይበቃል።

እንዲሁ መተውም ራሱ ምርጫ ነው። ልጃቸውን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የመጡ እናት ነበሩ፣ ልጅቷ ናት ጎትታ ያመጣቻቸው። ሐኪሙ አይቶ የውስጡ ጤነኛ ነው አላቸው። ወደ እኔ ዞረው "ልጄ፣ ካላመመኝ ለምን እወጋለሁ?" አሉኝ። "እውነትዎን ነው እማማ" አልኳቸው። ልጅቷ እስካሁን ታኮርፈኛለች።

ዳግም እንዳይበዛ

በደንብ የተዘጋው አይመለስም፣ አዲስ ግን ይወጣል። ዘሩ አለና። አንዳንዶች በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ መጥተው አዲሱን ያስወጋሉ። ቆመሽ የምትሠሪ ከሆነ ጠበቅ ያለው ካልሲ የወጣውን አያጠፋም፣ እብጠቱንና ድካሙን ግን ያቀልልሻል። ስኳር ካለብሽ ወይም የእግርሽ ደም ዝውውር ደካማ ነው ከተባልሽ ሐኪም ሳያይሽ አታድርጊው።

በጫማ ቁጥር አትግዢው። ቁርጭምጭሚትሽንና ባትሽን ጠዋት፣ እግርሽ ሳያብጥ፣ በሜትር ለኪ። ለሥራ ማሸጊያው ላይ ከ15 እስከ 20 mmHg የሚለው ግፊት ለብዙ ሰው ይበቃል፣ ከ20 እስከ 30 የሚለውን ሐኪም ይዘዝልሽ። ከአልጋ እንደወረድሽ ልበሺው። ውስጡን ገልብጠሽ እስከ ተረከዙ አስገቢ፣ ከዚያ ቀስ እያልሽ ወደ ላይ ሳቢው። የዕቃ ማጠቢያ ጓንት ካደረግሽ አይንሸራተትብሽም፣ በጥፍርም አትቀጂውም። ረዘመ ብለሽ ከላይ አትጠቅልዪው፣ የተጠቀለለው ቦታ እግርሽን ያንቃል። ሁለት ግዢ፣ አንዱ ሲታጠብ ሌላውን ታደርጊያለሽ። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አታስገቢው። በ6 ወር አካባቢ ላስቲኩ ይላላል፣ ያኔ ቀይሪው።